ከሀደሮ በታች ያለው ግድብ ስንት ፈጀ?

ሰኞ ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔም ጋዜጣ ላይ ከተቀጠርኩ ብዙ አልቆየሁም። አውቶቡሱ በሰውና በጨው ከረጢት ታጭቋል፤ ጣሪያው ላይ የታሰሩ በጎች ይጮኻሉ። በከምባታና ሀዲያ አውራጃ፣ ከሀደሮ በታች ባለ ወንዝ ላይ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ወጪው ከታሰበው በላይ ናረ ሲባል ሰምቼ፣ ምክንያቱን ለማየት አለቃዬን አስፈቅጄ ነው የወጣሁት።

አላባን ካለፍን በኋላ አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ እንሰቱ ይጀምራል፤ ቤቱ ሁሉ በእንሰት ተከቧል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሆሳዕና ገባሁ።

ያረፍኩት መምህር ኤርሲዶ ቤት ነው። መምህሩ ጠይም፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ትኩስ አተካና አቀረቡልን።

«መምህር፣ የመብራቱን መዋጮ የሰበሰቡት እርስዎ ነዎት አሉ» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። ከጃጁራ እስከ ሞርሲቶ በእግሬ ዞሬ፣ መብራት ይመጣላችኋል እያልኩ ለመንኩ። በግ የሸጠ አለ፣ ቡና የሸጠ አለ። አሁን ደግሞ ከአውራጃው ‹ወጪው ጨምሯልና እንደገና ሰብስብ› ተብያለሁ። ለምን እንደጨመረ ሳላውቅ ግን ሰው ፊት አልቆምም።»

«ጠይቀህ ምን ልትሆን ነው?» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «ከአውራጃው ገዥዎች ጋር መጣላት ይቅርብህ።»

መምህሩ አተካናውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ጠዋት አብረን ወደ ግድቡ ልንሄድ ተስማማን።

ማክሰኞ

ሲሚንቶ የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ከድር ቀልደኛ ነው፤ ዱራሜን እስክናልፍ ሲያስቀን ቆየ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ቀልዱን ተወ። መንገዱ በጎርፍ ተቦርቡሮ ጎማው ግማሽ ድረስ ይሰምጣል።

«ሲሚንቶው ከዚህ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ነው» አለ። «ክረምት ላይ መኪና ጭቃ ይይዘዋል፣ ዝናብ ሲሚንቶውን ድንጋይ ያደርገዋል። እንጥለዋለን፣ ሌላ እናመጣለን።»

ሀደሮ ገበያ ቆሞ ነበር። ዝንጅብል በየመደቡ ተከምሮ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይመጣል። ሻጮቹ መምህሩን ሲያዩ በከምባትኛ ጠሯቸው። «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። «‹መብራቱ መቼ ነው?› ነው የሚሉት» አሉኝ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ግማሽ ግድግዳ አየሁ። ከጎኑ የፈረሰ ሌላ ግድግዳ አለ፤ ብረቱ ከድንጋዩ መሀል ጎብጦ ወጥቷል። ማዶ ቆርቆሯቸው የሚያብረቀርቅ የመሐንዲሶች ቤቶች ተደርድረዋል። ኃላፊው ኢንጂነር ታደሰ ይባላል፤ ወባ ያጎሳቆለው ወጣት ነው፤ በፀሐይ ካፖርት ደርቦ ተቀበለን።

መምህሩ ሰላምታውን አሳጠሩ። «ኢንጂነር፣ ለምን ጨመረ? የምነግረው ሰው አለኝ።»

ኢንጂነሩ ወደ ፈረሰው ግድግዳ አየ። «የመጀመሪያው ግምት የተሠራው በበጋ ነው፤ ያኔ ወንዙን ልጅ ይሻገረዋል። ክረምት ሲመጣ ግድቡን ይዞት ሄደ። መንገዱም፣ እነዚህ ቤቶችም በግምቱ አልነበሩም። ይቁምና እንደገና ይጠና ብዬ ነበር። ‹የመሠረት ድንጋዩን ትልልቅ ሰዎች አስቀምጠውታል፣ እንዴት ይቆማል?› አሉኝ አለቆቼ።»

«እሺ፣ ይሁን። ከተጨመረበት ሆሳዕና መብራት ያገኛል?»

ኢንጂነሩ ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ።

«መምህር፣ ምሰሶና ሽቦ በሂሳቡ ውስጥ የለም። በፊትም አልነበረም፤ አሁን በተጨመረውም የለም። ግድቡ ቢያልቅ የሚያበራው ይህን የእኛን የመሐንዲሶቹን ግቢ ብቻ ነው።»

መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገንዘቡ ተበላ ቢባል ኖሮ የምንቆጣው ሰው እናገኝ ነበር። ይህ ግን ሁሉም ያውቀው የነበረ፣ ለከፋዮቹ ብቻ ያልተነገረ ነገር ነው።

ረቡዕ

ጃጁራ። መምህሩ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱሩር ሱቅ ወሰዱኝ። ሐጂ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ሳቃቸው ቅርብ ነው። ገና ሳንቀመጥ ወደ ጓሮ ጎትተውን ሸራ ገለጡ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ፣ ቅባቱ እንኳ ያልተነካ።

«በቅሎዎቼን ሸጬ ነው የገዛሁት» አሉኝ በኩራት። «ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ። መብራቱ ሲመጣ እዚሁ ይፈጫል። መምህር ነው የመከረኝ።»

መምህሩ ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሀዲይኛ። የሐጂ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሸራውን መልሰው ሲያለብሱ ጥጉን ሁለቴ አስተካከሉት።

«አንተ አልዋሸኸኝም» አሉ በመጨረሻ። «አንተንም ዋሽተውሃል። ግን ሰው ያመነው አንተን ነው። ሌላው ከሌላ ሰው ሳይሰማ ራስህ ንገረው።»

«ሐጂ፣ ከተናገርኩ የአውራጃው ሰዎች እዚህ አያኖሩኝም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሐጂ።

አዲስ አበባ

ቅዳሜ ጽሑፌን ለአለቃዬ ሰጠሁት። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ስለ እንሰቱና ስለ ገበያው ጥሩ ጽፈሃል፤ እሱ ይውጣ» አለኝ። የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቡና ይዞ የመጣ የሆሳዕና ነጋዴ መርካቶ ላይ አገኘሁና ስለ መምህር ኤርሲዶ ጠየቅሁት። መዋጮ በሰበሰቡበት መንደር ሁሉ ዞረው፣ በየደጁ ቆመው እውነቱን ነግረዋል አለኝ። ሞርሲቶ ላይ አንዲት አሮጊት ሰድበዋቸዋል፤ ሌሎቹ ውኃ አጠጥተው ሸኝተዋቸዋል። ዙሩን እንደጨረሱ የዝውውር ትእዛዝ ደረሳቸው። ወይዘሮ አስቴርም ቤቱን ዘግተው ተከተሏቸው።

«ወዴት አዛወሯቸው?» አልኩት።

ነጋዴው ሩቅ ነው ከማለት በቀር የአገሩን ስም አያውቀውም።