ከኮርቻ ሳይወርድ

ጎንደር ሄጄ መምህርነት እንድማር በተመረጥሁበት ዓመት፣ ለጉዞዬ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው አባቴ ኮርቻውን ከተሰቀለበት አውርዶ አልጋው ሥር ደበቀው። የመስቀል ጉግስ ደርሶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈረስና ሜዳ ካገኘሁ ራሴን አላውቅም።

«ፈረስ ያደርሳል እንጅ አይዋጋም ይባል የለም?» ብዬ ተከራከርሁት።

«አንተን የሚያደርስህ አውቶቡስ ነው። እግርህ ቢሰበር ቦታህን ለሌላ ይሰጡብሃል። እስክትሄድ በእግርህ ነው!»

አኩርፌ ተውሁት። ያስቸገረው ፈረሱ ነው። የፎገራ ሣር በመስከረም ጉልበት ይደርሳል፤ እሱን እየጋጠ ሳይጋለብ የዋለ ፈረስ ይጠግባል። በአራተኛው ቀን ካስማውን ነቅሎ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ አባቴ «እኔ ላብርደው» እያለ በየማለዳው ይወጣበት ጀመር። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው! ሲመለስ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ አይቼ በቅናት አርር ነበር።

የጉዞዬ ዕለት እናቴና እኔ ስንቄን ይዘን በእግር ወረታ አውቶቡስ ማቆሚያ ቀደምን። አባቴ በፈረስ ተከተለን። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሱ ግን ከኮርቻው አልወረደም። በእኛ አገር ከፈረስ ሳይወርዱ መንገደኛ መሰናበት ነውር ነው። እኔን እንኳ አንድ ጊዜ ቄሳችንን ሳልወርድ ሰላም ብዬ፣ ከግማሽ መንገድ መልሶ ይቅርታ አስጠይቆኛል። አሁን ካለበት ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመና «በል፣ እግዜር ይከተልህ» አለኝ። ዞር ብዬ ሳላየው አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። እስከ ገና አንድ ደብዳቤ አልጻፍሁለትም።

ለገና ስመለስ እናቴ ከበር ተቀበለችኝ። አባቴስ ብዬ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«በሄድህበት ጧት ፈረሱ ጥሎት ነበር ለካ! ጎረቤቶች አንስተው ኮርቻው ላይ መልሰውት ኑሯል የመጣ። አውቶቡሱ ከዓይን ሲጠፋ ነው ‹በሉ አውርዱኝ› ያለን። ቀኝ ጉልበቱ እንዲህ አብጦ! ‹ሳነክስ ቢያየኝ ሳይሄድ ይቀርብኝ ነበር› አለ።»

ያን ሁሉ ወር ያኮረፍሁበት ልቤ አሳፈረኝ። አባቴ ድምፄን ሰምቶ በምርኩዝ እያነከሰ ሊቀበለኝ ወጣ። ጉልበቱን ልስም ዝቅ አልሁ።

«ግራውን ሳም» አለኝ፤ «ቀኙ ገና ያመኛል።»