«ትክቶ» ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩበት ቀን

ነገሩ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን የምጽፈውም ቢወጣልኝ ብዬ እንጂ ሰው ላስተምር ብዬ አይደለም። ማስተማሩንማ ከኔ በላይ ላሳር ብዬ ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ወር አበባ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፣ ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጌ «ምን ያሳፍራል? ተፈጥሮ ነው!» እላለሁ። በዚህ ነገሬ እኮራ ነበር።

እናቴ የምትኖረው አንበሳሜ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። ዕድሜዋ ስልሳን ካለፈ ሰነባብቷል። እሑድን ሳታስቀድስ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ አብረን ስንሄድ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ምን ሆንሽ ስላት «ጉልበቴን አሞኝ ነው፤ አንተ ግባ። ከዚህም ሆኜ ይሰማኛል» አለችኝ። አመንኳት። በሚቀጥለው ገበያ ከአንበሳሜ የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼ አመጣሁላት። «ተባረክ ልጄ» አለችና መሬት መሬት አየች። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን እያለ መረቀኝ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከቅጥሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ እኔ በገዛሁላት ወንበር ላይ ተቀምጣ አስቀደሰች። በሄድኩ ቁጥር ከስታ አገኛታለሁ። ጾሙ ነው፣ እርጅናው ነው እያልኩ ጉልበቷን የምትቀባው ቅባት ገዝቼላት እመለሳለሁ።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ አገሩ ሁሉ ሲቆርብ እናቴ ከውጭ ቀረች። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷ መምሬ ይባቤ ለብቻዬ ጠሩኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ መጽሐፍ ያወቁ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ እሷን አስፈቅጄ ነው የምነግርህ። እናትህን ትክቶ ይዟታል» አሉኝ።

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። «ትክቶ ምንድን ነው አባ? ያስረዱኝ» አልኳቸው።

«የሴት የወር ደም ነው» አሉ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው። «የጥንቱ የመድኃኒት መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚለው። እኛም ሴቶቹ ለንስሐ ሲመጡ በዚሁ ነው የምንጠራው፤ በተራ አማርኛ ማንሳቱ ያሳፍራል። ትክቶ ያለባት ሴት ከደጅ ነው የምትቆም። እኔም እስቲቆም ድረስ ከውጭ ሁኚ አልኳት። ጠበልም አዘዝኩላት። እምቢ አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

 የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናት ሴት ደም ከፈሰሳት የወር አበባ አይደለም፤ በሽታ ነው። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ለመምሬ ግን ከሴት ማህፀን የሚወጣ ደም ሁሉ ትክቶ ነው፤ ትክቶ ከሆነ ደግሞ ሴትዮዋ ውጭ ትቆማለች እንጂ ሐኪም ቤት አትሄድም። ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር። ወንበሩን የገዛሁት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ወስጄ አስመረመርኳት። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል አሉኝ ለብቻዬ። ሐኪሟ «ጥምቀት ላይ ብታመጣት ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት።

«አንተዬ፣ ይኸ ለወንድ ልጅ ይወራል?» አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። «ደግሞስ የሴት ልማድ መች በሽታ ሆኖ ያውቃል?»

አሁን እኔ ቤት ተኝታለች። መምሬ ይባቤ በዚያ ዕድሜያቸው መኪና ተሳፍረው ሊጠይቋት መጥተው ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው «ስቼ ነው ልጄ፤ ይቅር በይኝ። ይኸ ትክቶ ሳይሆን ደዌ ነው። ደዌ ከቁርባን አይከለክልም፤ እዚሁ ትቆርቢያለሽ» አሏት።

እናቴ እጃቸውን ይዛ «አይሆንም አባቴ። ይኸን ሁሉ ወር ታግሼ አሁን ሊቆም ሲል ባደፈ ሰውነቴ አልቀበልም። ደሙ ይቁምልኝና በእግሬ ሄጄ እቆርባለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው እያለቀሱ ሄዱ።

ሊቆም ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ከባሕር ዳር ስንመለስ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ያቆመዋል ብለዋል አልኳት። ሐኪሞቹ እንዲህ አላሉም። የሰጡን ማስታገሻ ነው፤ ወደ ቤት ውሰዳት ነው ያሉኝ።

እውነቱን ብነግራት ትቆርብ ይሆናል። በሕይወቷ አጥብቃ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነው። ልነግራት እያልኩ አልጋዋ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከአፌ አይወጣም። አፍራለሁ፣ እፈራለሁ። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው የምትወስደው።

ዛሬ ጠዋት አንሶላዋን ስቀይርላት «ሐኪሞቹ መቼ ይቆማል አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቅርብ ነው እማ» አልኳት።