ካሱ የተኮሰበት ሰደርያ

ካሱ ሲተኩስ አይስትም። ሃያ ሁለት ዓመት በውትድርና ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ሲበዛ ታዛዥ ሰው ነው። ይህን ላሞግሰው ብዬ አልተናገርኩትም።

ካቻምና ከአንድ ወዳጅ አገር ለናሙና የመጣ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ከመገዛቱ በፊት ይፈተን ተባለና ካሱ በተኳሽነት ተጠራ። ቦታው ምዕራብ ዓባያ አጠገብ፣ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ገላጣ ሜዳ ነበር። ሰደርያውን ጭቃ በሞላ ሳጥን ላይ ያስራሉ፤ እሱ ይተኩሳል፤ ኮሚቴው ጭቃው ምን ያህል እንደጎደጎደ ይለካል። የተፈተኑት ሃያውም አለፉ። ካሱ ግን ወታደር እንደሚያልበው፣ ዝናብም እንደሚመታው ያውቃል። ሳይፈተኑ ከተረፉት አንዱን በራሱ ሐሳብ ሐይቁ ውስጥ ነክሮ ተኮሰበት። ጥይቱ ሰደርያውን በስቶ ጭቃው ውስጥ ገባ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እርጥብ መፈተን በመርሐ ግብሩ ላይ የለም፣ የታዘዝነው ደረቁን ነው አለው። ካሱም እንደለመደው ታዘዘና ሰደርያው አልፏል በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ።

ዘንድሮ የእህቱ የበለጥሽ ልጅ አሮን ግዳጅ ላይ ሞተ። ለቅሶ የመጣ የአሮን የጦር ጓደኛ ካሱን ለብቻው አግኝቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብባቸው እንደዋለና ጥይቱ ሰደርያውን አልፎ ደረቱን እንደመታው ነገረው። ካሱ የሰደርያውን ዓይነት ጠየቀ፤ ያው የፈረመበት ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለም፣ ለእኔም ጭምር።

በለጥሽ የምትኖረው ገረሴ ነው። እዚያ፣ ቤት ላይ መከራ ሲወርድ ጎሜ፣ መከራውን ያመጣው ነውር፣ ይፈለጋል፤ የተደበቀ በደል አለ ይባልና ቤተሰቡ ወደ መሰብሰቢያው አደባባይ፣ ወደ ዱቡሻ ወጥቶ በሽማግሌዎች ፊት ይናዘዛል። በለጥሽ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ይህን ትታው ነበር። የልጅ ሞት መለሳት። ካሱን አጅቤ ስለሄድኩ በዓይኔ አይቻለሁ። አማቷ ታማ ሳለች አንድ ጠዋት ውሃ ሳትሰጣት ገበያ መሄዷን ተናግራ፣ ልጄን የበላሁት እኔ ነኝ ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ለዚህች ትንሽ ነገር ብላ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች።

ካሱ ላብ በላብ ሆኖ ተነሣ። የነከረውን ሰደርያም ፊርማውንም ሳይደብቅ ተናገረ። በለጥሽ ቀና ብላ አየችው።

"ሦስት ወር ራሴን ስወቅስ እያየህ ዝም አልክ?" አለችው።

ካሱ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ሀይሌ ያዙት።

"ቆይ። ያንን ሰደርያ ዛሬ የለበሰ ሰው አለ?"

"አለ" አለ ካሱ፣ መሬት መሬት እያየ። "ብዙ ነው።"

"እንግዲያው እኛ ይቅር ልንልህ አንችልም። የለበሱት ገና አልሰሙህም።"

በለጥሽን መርቀው አስነሷት። ካሱን ሳይመርቁት ተበተኑ።