ሐር አይደለም፣ ሳቲን ነው

ያን ቀን ከጠረፏ ደወሌ ባቡር ስሳፈር ስድስት ቀሚስ ደራርቤ ለብሼ ነበር። ከሥሩ ደግሞ አምስት ሜትር ቮይል የሚባል ስስ ጨርቅ ወገቤ ላይ ተጠምጥሟል። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። አባቴ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። የውጭ ጨርቅ በሕጋዊ መንገድ መግባቱ ከቀረ ወዲህ ግን የሱቁ መደርደሪያ ላይ አቡጀዲና ካኪ ብቻ ቀርቶ፣ የአባቴ የስፌት መኪና ከሥራ ቀኑ ይልቅ ተሸፍኖ የሚውልበት ይበዛ ነበር።

ለዚህ ሥራ የወሰደችኝ ጎረቤታችን የሆነች ሶማሌ ነጋዴ ናት። ኤዶ እላት ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ጠረፍ ላይ ከጅቡቲ የገባ ጨርቅ እየገዛች ድሬዳዋ ላይ ትሸጣለች። ጣቃውን እንዳለ ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ እየተቆረጠና እየተሰፋ በሴቶች ገላ ላይ ነበር የሚገባው። የለበሱት ልብስ አይወረስም ይባላል፤ እኛም በዚያ ተማምነን ነው የምንሄደው።

"ስሚኝ" አለችኝ ስድስተኛውን ቀሚስ እያጠለቀችልኝ። "ከጠየቁሽ 'ልብሴ ነው' በይ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። ከጨመርሽ ወላሂ አላውቅሽም።"

አዲጋላ ላይ ባቡሩ ተበላሽቶ ሦስት ሰዓት ቆመ። ፉርጎው ውስጥ ነፋስ የለም። ልብሱ ከመደራረቡ የተነሳ ክንዴ አልታጠፍ ብሎኝ ውሃ ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ፤ ያጠጣችኝ ኤዶ ናት። ላቡ ከውስጥ ቀሚስ ወደ ላይኛው እያለፈ ሲመጣ ይታወቀኛል። አውልቄ ልጥለው ፈለግሁ፤ ግን የት? ፊት ለፊቴ ወታደር ተቀምጦ ያንቀላፋል። አለቀስኩ። ኤዶ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠርጋ "ዝም በይ አቦ፣ እንባ ጨርቅ ያበላሻል" አለችኝ። ቀልዷን ይሁን የእውነቷን አላውቅም።

ድሬዳዋ ጣቢያ ስንደርስ ሴቶቹን ለብቻ አሰለፉን። የፈታሾቹ ኃላፊ ድምፁን የማያነሳ፣ ፀጉሩ ገና በልጅነቱ የሸበተ ሰው ነበር። እኔ ጋ ደረሰና የላይኛውን ቀሚሴን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘ።

"ተማሪ ነሽ?"

"አዎ።"

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ልብሴ ነው።"

"ደህና። ተማሪ ሐር ትለብሳለች ማለት ነው?"

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አባቴ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዓይኔን እያስጨፈነ ጨርቅ በእጄ ሲያስለየኝ ነው ያደግሁት። ሰው ሳቲንን ሐር ሲለው ስሰማ ጆሮዬን ያሳክከኛል።

"ሐር አይደለም፣ ሳቲን ነው" አልኩ።

"እሺ፤ ከሱ ሥር ያለውስ?"

"ክሬፕ።"

"ከዚያስ?"

"ፖፕሊን። ግን ንጹሕ ጥጥ አይደለም፣ ቴትረን አለበት።"

ስሙን ስጠራ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ሰውየው ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው ያደረግሁት የገባኝ። የራሷን ልብስ የለበሰች ልጅ "ቀሚስ" ትላለች እንጂ እንዲህ አትዘረዝርም። ኤዶ ከሁለት ሰው በኋላ ቆማለች። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ ግድግዳ እንደሚያይ አልፎኝ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተፈትሻ፣ ጋሪ ይዛ ሄደች።

አንዲት ሴት ፈታሽ ክፍል አስገብታ አምስቱን ቀሚስና ቮይሉን አወለቀችልኝ። ገላዬ ሲቀለኝ መቆም አቅቶኝ መሬት ተቀመጥኩ። ኃላፊው ገባና መዝገብ ከፈተ።

"አየሽ፣ የኔ ጸሐፊ 'ጨርቅ፣ ቀይ' ብሎ ይጽፋል። 'ጨርቅ፣ አበባ ያለው' ይላል። መጋዘኑ ይመልስብኛል። ወይ ፍርድ ቤት አቀርብሻለሁ፤ ወይ ባቡር በሚገባ ቀን እየመጣሽ ስሙን ትነግሪናለሽ።"

"እስከ መቼ ጓድ?"

"እኔ በቃ እስክልሽ።"

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆየሁ። የቅጥር ደብዳቤ የለኝም፤ የምከሰስበት ወረቀት ግን እሱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ናዝሬት ያለች አክስቴ እዚያ ካለ ስፌት ቤት ሥራ አግኝታልኝ ነበር። የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ብሄድ ሊቀመንበሩ "የጣቢያው ሰው ካልፈቀደልሽ አልሰጥሽም" አለኝ። ኃላፊውን ብጠይቀው ደግሞ ፈገግ ብሎ "ባቡሩስ?" አለ።

ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። የተያዘው ጨርቅ እስከ ጣሪያው ይከመራል። እኔ መሐሉ ቁጭ ብዬ፣ የውጭ አገር ማቅለሚያ ሽታ እየሰነፈጠኝ፣ ስሱን የሴቶች ጨርቅ ድሪያ፣ ባለ ጠጉሩን ከፋይ እላለሁ። ኃላፊው ጎኔ ቆሞ "እንዴት አወቅሽ?" ይለኛል ሁልጊዜ። እኔም እነግረዋለሁ። ክሩን መዝዤ በክብሪት አሳየዋለሁ፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አዲስ ጨርቅ በጣት ሲታሽ ፋብሪካ የቀባው ሙጫ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ የታጠበ ግን እሺ ይላል። ማስተማሬ አልታወቀኝም። ቀኑ እንዲያልፍ ነበር የማወራው።

ሰፈር ውስጥ ሰው ራቀኝ። ቀፊራ ገበያ ስወርድ ቅመም የምትሸጥልን ሴትዮ ሚዛኗን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች። ኤዶ በራችን ላይ ስታልፍ ሰላም የምትለው እናቴን ብቻ ነው። አባቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ፦

"ምንድን ነው የምትነግሪያቸው?" አለኝ።

"ስሙን ነው አባዬ።"

"ስሙን ብቻ?"

"ስሙን ብቻ።"

እጁን ታጠበና ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጨርቅ አውርቶኝ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ተይዛ መጣች። ለልጇ ኒካ፣ ለጋብቻዋ ቀን ብላ አረንጓዴ ከፋይ አሰፍታ ለብሳዋለች። እጄን ይዛ በኦሮምኛም በአማርኛም ለመነችኝ። ኃላፊው "አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?" አለኝ።

"ያገለገለ ነው። ታጥቧል" አልኩት።

ያገለገለ አይወረስምና ለቀቃት። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ያንኑ ውሸት እዋሽ ጀመር። ከዚያ ክፍል ስወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴን ሞልቼ የተነፈስኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ወሩ ሳይሞላ ኃላፊው አንድ ቀሚስ ይዞ ገባ። ከአንዲት ገና ልጅ ከሆነች ሴት ላይ የወጣ ነው፤ "ታጥቧል" ብዬ ነበር። ጠርዙን ጆሮዬ አጠገብ አምጥቶ በጣቱ አሸው። ተንኮሻኮሸ።

"ሙጫው ገና አለቀቀም" አለ።

ዞር ብዬ ሌላ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

"የዚያች እናት ከፋይም እንዲሁ ነበር። ያን ጊዜ ገና እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው የተውኩሽ።" ከኪሱ ክብሪት አወጣ፤ ክር መዘዘ፤ ለኮሰ። ቀልጦ ጠብ አለ። "ናይለን የገባበት ነው። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነህ" አልኩ። አንተ ማለቴ ያን ጊዜ አልታወቀኝም።

ወህኒ የምወርድ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሱ ግን መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቴን አወጣና ለሁለት ቀደደው።

"ሂጂ። ከእንግዲህ አንቺን አልፈልግም። የሚያስፈልገኝን አስተምረሽኛል።"

ጣቢያው በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ግን እግሬ አልሄድ አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከኔ የበለጠ የማይሳሳት፣ የማይራራም ሰው ትቼ እንደወጣሁ ገብቶኝ ነበር። ከኋላዬ ፈታሾቹ ቀሚሷ የተያዘባትን ልጅ ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ተመልሼ መግባት እችል ነበር፤ አልተመለስኩም።

ለናዝሬት የይለፍ ወረቀት ሲሰጠኝ ሥራው ለሌላ ሰው ሄዷል። አባቴ በሚሠራበት በረንዳ ላይ ካኪ ሱሪ ማሳጠር ጀመርኩ። አባቴ ወንበር አመጣልኝ እንጂ አልጠየቀኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኤዶ መጣች። ከያዙኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ የምሰፋውን እያየች ቆየች።

"ጨርቅ ማስገባት ተውን" አለች። "ያ የጣቢያው ሰውዬ እንኳን ቀሚሱን ክሩን ያውቃል። ወላሂ፣ ሴቶቹ ሲያዩት ራሳቸው ያወልቃሉ።"

"በኔ ነው ኤዶ።"

"አውቃለሁ በአንቺ ነው።" አልተቆጣችም፤ ያ ባሰብኝ። "ያን ቀን ጥዬሽ ስሄድም አውቄ ነው የሄድኩት። ሰባት ልጅ ቤት አለኝ።"

መኪናው ሥር የወደቀውን መርፌ አንስታ ሰጠችኝ።

"አሁን የላስቲክ ጫማ ነው የምናስገባው" አለች። "ስለ ጫማ የምታውቂው ነገር አለ?"

"ምንም አላውቅም።"

"አልሐምዱሊላህ" ብላ ተነሳች።