ለጥናቱ የተጠራችው

ልብስ ተኳሿ ኦቲዝም እንዳለባት ካወቀች ወዲህ ለጥናት ስትጠራ «ለሌላውም ይጠቅማል» ብላ እምቢ አትልም። ዛሬም ከላውንደሪው አስፈቅዳ፣ ታላቅ እህቷን አስከትላ መጣች። እህትየው የመጣችው መንገዱ እንዳይረዝምባት ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበራትም።

አጥኚው ግን ገና ከመቀመጣቸው ወንበሩን ወደ እህትየው አዞረ።

«ጫጫታ ይረብሻታል?»

«ኧረ ምንም አይመስላት!» አለች እህትየው።

ተኳሿ ብግን አለች። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና የምትሠራ ሰው እኮ ናት! «እኔን ይጠይቁኝ እንጂ፤ አፍ አለኝ» አለችው።

«ቆይ፣ ወደ አንቺ እመጣለሁ» አለና ቀጠለ። ምን ያስፈራታል? ጓደኛ አላት? ሰው ትወዳለች? እህትየው አፏ እንዳመጣላት ትመልሳለች፣ እሱ ይጽፋል። ባለጉዳይዋ መሃላቸው እንደ ጉልቻ ተጎልታ ቀረች።

በመጨረሻ ሰውዬው መርፌውን አዘጋጅቶ ፈገግ እያለ ወደ እሷ ዞረ።

«አሁን ተራው የአንቺ ነው። ትንሽ ደም እንወስዳለን፤ እስቲ ክንድሽን።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

«እስካሁን እኔን ሆና የመለሰችልዎት እሷ አይደለችም? ደሙንም ከእሷ ይቅዱ!»