የአምሳል ዱባ

አባታችን መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከምግብ የዱባ ወጥ፣ ከሰው ደግሞ ቃሉን የማያጥፍ ይወዱ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ዓመት ታናሽ እህቴ አምሳል ስትወለድ፣ አዲ አርቃይ ለምትኖረው መካን እህታቸው ለአባይነሽ «ነፍስ ስታውቅ ውሰጃት» ብለው ቃል ገቡ። አምሳል ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ «በመስከረም እመጣለሁ» የሚል መልእክት ደረሰ። እናታችን ይመኙሽ አኮረፈች። አምሳል አለቀሰች፣ አላቋርጥ አለች። አባታችን ልቅሶ አይችሉም።

«በቃ፣ ዱባሽ ሲደርስ ትሄጃለሽ!» አሏትና ገላገሉን።

በክረምት የጓሮው ጌቶች እኛ ልጆች ነን። ጎመኑን እንኮተኩታለን፤ በጭቃ እግራችን ቤት ገብተን እንቆነጠጣለን። የየራሳችን ዱባም አለን። ገና ለጋ ሳለ የስማችንን መነሻ ፊደል በሚስማር እንጭርበታለን፤ ዱባው ሲያድግ ፊደሉም አብሮ ይሰፋል። እኔ ማሩ ነኝና የእኔ «ማ» በነሐሴ ለማንሳት ያስቸግር ነበር።

የአምሳል «አ» ግን አልበረከተም። ጡጫ ሲያክል ይጠፋል። ሌላው ላይ ትጭራለች፤ እሱም ይጠፋል።

«ምነው ይመኙሽ፣ ቃሌን ልታሳጥፊኝ ነው?» ብለው አባታችን ተቆጡ።

«በሥላሴ መሪጌታ፣ እጄ የለበትም!»

እኔም ማልሁ። ማንም አላመነኝም፤ አምና የበቆሎው እሸት ሲጠፋም በሐሰት ምዬ ነበርና። ነገሩ አናደደኝ፤ ሌባውን ልይዝ ቆረጥሁ።

በፍልሰታ አንድ ማለዳ በቆሎው ውስጥ ተደብቄ ሳለሁ ጥቁር ጃንጥላ ብቅ አለ። አባታችን ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። ጎንበስ አሉ፣ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ «አ»ን ቀንጥሰው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«ጃርት ነው» አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰማህ? ጃርት ነው።»

አባይነሽ በመስከረም በጭነት ማኪና መጣች። አባታችን ወደ ጓሮ ወስደው ባዶውን ሐረግ አሳዩአት።

«ቃሌ ቃል ነው፤ ዱባዋ ግን አልደረሰም።»

አክስቴ ሐረጉን አየች፤ ወንድሟንም አየች። «ይሁን አያ፣ ለከርሞ ይደርሳል» አለች። አንጀቴን በላችኝ። የእኔን ዱባ አሸክመው ሸኟት።

ለከርሞ እናታችን የዱባ ፍሬ ይዛ ስትወጣ አባታችን ከእጇ ተቀበሉ። «ዘንድሮ ጎመን ይሁን» አሉ። በዓመቱም ጎመን ሆነ፣ ከዚያም ወዲያ ጎመን፣ አምሳል ከእኛው ቤት እስክትዳር ድረስ።

በሠርጓ ማግስት አባታችን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጓሮውን ሲያዩ ቆዩ።

«ይመኙሽ» አሉ፣ «እስኪ እንግዲህ ዱባ ትከይልኝ።»