ሊጡ ኩፍ እስኪል የተኖረ ዕድሜ

ሰፈሩ «ጋሽ እርሾ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣችለት እህቱ ናት። ሰው በተሰበሰበበት ጥጉን ይይዝና ብዙ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ አንዲት ቃል ጣል ሲያደርግ ቤቱ በሳቅ ይነሳል። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ዳቦ ቤቱ ከፊት መሸጫ መስኮት አለው፤ ከኋላ ደግሞ ማቡኪያ ማሽን፣ የእንጨት ገንዳ፣ ምድጃና የዱቄት ጆንያዎች የታጨቁበት አንድ ጠባብ ክፍል። መስኮቱ ጋ ቆማ የምትሸጠው አንድ ልጁ ናት። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። ይህን አባትም ልጅም ያውቃሉ፤ በመካከላቸው ግን ተነስቶ አያውቅም።

የጋጋሪ ሥራ ሰው እንደሚመስለው ከእሳት ጋር መታገል ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ከምሳ በኋላ ሊጡ ተቦክቶ ገንዳው በጨርቅ ከተሸፈነ፣ ኩፍ እስኪል ድረስ የሚሠራ ነገር የለም። ጋሽ እርሾ በዚያች ጊዜ ጆንያዎቹ ላይ ጋደም ይላል፤ ሊጡ ሲደርስ ልጁ ትቀሰቅሰዋለች። በዚህ የሚወቅሰው ካለ፣ ቆሞ ስላፈጠጠበት ቶሎ ኩፍ ያለ ሊጥ አይቶ ከሆነ ይምጣና ይንገረኝ።

ሚስቱን በህልሙ ያያት ነበር። ግን እንደ ማናችንም ነው የሚያያት፤ ብቅ ትላለች፣ አንድ ነገር ሳትናገር ታልፋለች። ይህን አንድ ቀን በየቀኑ ትኩስ ዳቦ ሊገዙ ለሚመጡ ጡረተኛ መምህር አጫወታቸው። መምህሩ ያገኙትን ሁሉ የሚያነቡ፣ ያነበቡትን ደግሞ ለራሳቸው ማስቀረት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሰው ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን ሊያውቅ ይችላል አሉት። ዘዴው ነቅቶ ሳለ አንድ ነገር ደጋግሞ መሞከር ነው፤ እጅ የለመደውን በእንቅልፍም አይተውም፤ በህልም ግን ነገሩ እንደ እውኑ አይሆንም።

ጋሽ እርሾ ምን ልሞክር ብሎ አልተጨነቀም። ጋጋሪ ሊጥ መድረሱን የሚያውቀው ጣቱን ተጭኖ ነው። የተጫነው ስርጉድ ቀስ እያለ ከተመለሰ ሊጡ ደርሷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊጥ በነካ ቁጥር «ይሄ እውነት ነው ወይስ ህልም?» እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። ውሎ አድሮም በእንቅልፉ ሊጥ ተጫነ፤ የጣቱ ምልክት እንደተሰረጎደ ቀረ። «ይሄማ ህልም ነው» አለ። ቀና ሲል ሚስቱ እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። የዚያን ዕለት አላለፈችም።

ጊዜውን መለጠጥ ያስተማረው ሰው የለም፤ ከሙያው ነው ያገኘው። ህልሙ እየሳሳ ሲሄድ፣ ግድግዳው ሲደበዝዝና ድምጿ ሲርቅበት፣ ዱቄት እንደሚያራግፍ ሰው መዳፎቹን ያፋትግና አዲስ ሊጥ ያቦካል። ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እዚያ ያለው ሊጥ ታዲያ ቶሎ አይደርስም። እሱ እስኪደርስ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ቀን ቀንን ይወልዳል። ከጓሮ አንድ ክፍል ጨመሩ። በበሩ ቀለም ተጣሉ፤ ታረቁ። ከምድጃው ትኩሱን ትሪ በባዶ እጁ እየሳበ ያስቃታል፤ እዚያ እሳት አይናከስም።

እንዲህ ካለው ህልም መጀመሪያ የነቃ ቀን የሆነውን እህቱ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ከመጋደሙ በፊት አጠገቡ ያስቀመጠው ሻይ ነበር። በህልሙ ክረምቱን ሙሉ ከሚስቱ ጋር ከርሞ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ጠግኖ፣ ጭቃ ጠርጎ ተመልሶ ሲነቃ ሻዩ ገና ይተናል። ብርጭቆውን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። ጆንያው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ልጁ ምን ሆንክ ብትለው ሻዩን አሳያት። ፈርቶ ነበር፤ አልዋሽም። ፍርሃቱ ግን የቆየው እስከ ማግስቱ ምሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ስንት ዘመን እንደኖረ እሱም አያውቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ እንደልማዳቸው በመስኮቱ ብቅ ሲሉ፣ ጋሽ እርሾ አይቷቸው የያዘው ትሪ ከእጁ ወደቀ። በዚያኛው ዕድሜው መምህሩ አርጅተው ሞተዋል፤ ቀብራቸው ላይም ቆሟል። «ቀብሬዎት ነበር እኮ» አላቸው ፊቱ አመድ መስሎ። መምህሩ ሳቁና እንግዲያውስ የዛሬው ዳቦ በነፃ ይሁንልኝ አሉ። መንገድ ላይ ግን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ፤ ያን ዘዴ ለምን ነገርኩት ብለው ሲጸጸቱ ከረሙ። እህቱም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትተርትበት ነበር። እሱ ደግሞ «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላታል።

ያልሳቀችው ልጁ ናት። እሷ የምታየው ሌላ ነው። ከጋደመበት ሲነሳ ከሩቅ አገር እንደመጣ እንግዳ ቤቱን ያስሳል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአንድ መደርደሪያ ወርዶ የማያውቀውን ጨው የት ነው ብሎ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ሊጠራት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ስሟ አልመጣለትም። «አንቺ ልጅ» አላት፣ ለመንገደኛ እንደሚባለው። እሷ ዘንቢሉን ተሸክማ እንደቆመች ደርቃ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ማቡኪያውን አጥፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀሰቅስህም» አለችው። «ራስህ ትነሳለህ። ካልተነሳህ ሌላ ቦታ ሥራ ፈልጌ እሄዳለሁ። ተኝተህ ስታልቅ ቆሜ አላይም።»

እሺ አለ። የሚያሾፍ ሰው እሺታ ነበር። ከምሳ በኋላም ገንዳውን ሸፍኖ ጋደም አለ።

ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች። ሊጡ ሲደርስ አልቀሰቀሰችውም። ከጠዋቱ የተረፈውን ሊጥ ድቡልቡል አድርጋ ምድጃ ከተተችና ወደ መስኮቷ ተመለሰች። በገንዳው ያለው እየተነፋ፣ እየተነፋ ሄዶ ልኩን አለፈ። እንዲህ ያለ ሊጥ ይደክማል፤ ብትጫነው ስርጉዱ አይመለስም። ይህን ማንም ጋጋሪ ያውቃል፤ ጋሽ እርሾማ ከራሱ ስም አስበልጦ ያውቀዋል። ግን ከስንት ወር ጀምሮ ሊጥ የሚጫነው ለዳቦው ሲል አልነበረም።

ነቃና ዓይኑን ሳያሽ ወደ ገንዳው ሄደ። ጣቱን ተጫነ፤ ስርጉዱ እንደነበረ ቀረ። ገና እዚያው ነኝ አለ በልቡ፤ ደስም አለው። ይቺን ደስታውን ነው እኔ ይቅር ለማለት የሚከብደኝ። ሚስቱን ፍለጋ ዞር ሲል በሩ ላይ ልጁ ሽርጧን ታጥቃ ቆማለች፤ ዳቦው እንዳያርባት ልታወጣ መምጣቷ ነው።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ቆጣ ብሎ። «እዚህ ቤት እኮ አንቺ የለሽም። ሂጂ፣ እሷን ጥሪልኝ።»

ልጅቷ ቀልዱን ነው ብላ ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታየው ተወችው። እሱ የምድጃውን በር ከፈተ፤ ሚስቱ ከወዴት በኩል እንደምትስቅ ወደ ኋላው እያየ ባዶ እጁን ወደ ጋለው ትሪ ሰደደ። ልጅቷ እንዴት እንደደረሰች እሷም አታውቅ። ክንዱን በትከሻዋ ገፋችው፤ እሱ ሲንገዳገድ እሷ ሚዛኗን ስታ መዳፏ ብረቱ ላይ አረፈ።

ጮኸች። በዚያኛው ቤት ስንት ዘመን ሲኖር አንድም ሰው ጮኾ አያውቅም። ጋሽ እርሾ የት እንዳለ ያወቀው በዚያ ጩኸት ነው። ውሃ ላምጣ ብሎ ተነሳና የውሃው ባልዲ ፊት ለፊቱ እያለ ክፍሉን ዞረ። ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ እሷ ናት በደህናው እጇ እሱን የያዘችው።

እጇ በፋሻ ታሽጎ ሲመለሱ ገና ጀምበር አልጠለቀችም። ጎረቤት መጣ፣ ይማርሽ አለ፣ ሄደ። እህቱም መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትተርት ወጣች። ሁለቱ በተዘጋው ዳቦ ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሊጡ ከገንዳው ከንፈር አልፎ ወለሉ ላይ ፈስሷል፤ የሚያነሳው አልነበረም።

«እማዬ እዚያ አለች አይደል?» አለችው።

«አለች» አለ። አርጅታ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሽበት ጀምሯታል አለ፣ ፊቱም ሳያስበው ፈካ።

«እኔስ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ክረምት ሙሉ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ አንዲት ውሸት የሚፈጥርበት ፋታ አጣ።

«የለሽም» አለ። ከዚያ የተቀረው ሳያስበው ተከትሎ ወጣ። «እሷ ልጅ እንውለድ ትለኛለች፣ ደጋግማ። እንቢ የምላት እኔ ነኝ። እንዳትጨቀጭቀኝ ሌላ ሊጥ አቦካለሁ፣ ወሬ አስቀይሳለሁ። አንቺ ከመጣሽ እሷ ትሄዳለቻ።»

ከአፉ የወጣውን ሲሰማው ራሱ ደነገጠ። ይህን ለሰው ቀርቶ ለራሱም ተናግሮት አያውቅም። ልጁ አላለቀሰችም። የታሸገ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«እሷ እኮ ሄዳለች፣ አባዬ» አለችው ቀስ ብላ። «የመጣሁት እኔ ነኝ።»

የጋሽ እርሾ ወሽመጥ ብጥስ አለ። ሚስቱ ከሞተች ይህን ያህል ዘመን አልፎ መርዶው ገና አሁን የደረሰው ይመስል፣ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ጮኾ አለቀሰ። ልጁ በደህናው እጇ ትከሻውን ያዘችው።